ቅርንጫፌና ተጠራጣሪው ጉልላት

በድሮ ዘመን፣ ልጆቼ፣ ክትባት ገና ወደ ገጠር መግባት በጀመረበት ሰሞን፣ ድንቄ የምትባል ሕፃን ነበረች አሉ። በቆዳዋ ስር ቅርንጫፌ የሚባል ዘብ ይኖር ነበር። እጆቹ ብዙ ናቸው፤ እንግዳ ነገር ካገኘ ሳይመረምር አያልፍም። በብብቷ ስር ባለችው እጢ ደግሞ ተዋጊዎች ይኖሩ ነበር። እያንዳንዱ ተዋጊ የሚያውቀው የአንድ ጠላት መልክ ብቻ ነው። ማንንም አያምኑም።

አንድ ቀን አንድ ከታቢ መጥቶ የድንቄን ክንድ ወጋ። በመርፌው የገባው አቅሙ የደከመ ኩፍኝ ነበር።

ቅርንጫፌ ጠጋ ብሎ ከየት እንደመጣ ጠየቀው።

«ደካማ መንገደኛ ነኝ። ምን አደርግሃለሁ?» አለ ኩፍኝ።

ቅርንጫፌ አላመነውም። ዋጠው፣ ቆራረጠው፣ አንዷን ቁራጭ በመዳፉ ይዞ ወደ እጢዋ ሄደ። ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደና ደረሰ።

ለአንዱ ተዋጊ አሳየ፤ አላውቀውም አለው። ለሌላው አሳየ፤ እሱም አላውቀውም አለው። ለመቶው አሳየ፣ ለሺው አሳየ፣ ሁሉም ፊታቸውን አዞሩበት። በመጨረሻ ጉልላት የሚባል ተዋጊ ቁራጯን ዳሰሰ። የሚያውቀው መልክ ነው። ቢሆንም ከቦታው አልተነሳም።

«መልኩስ እሱ ነው» አለ። «ጠላት መሆኑን ግን በምን ልመን? አንዱ ወንድማችን መልክ ብቻ አይቶ ተነሳና የገዛ ቤታችንን አፈረሰ።»

ቅርንጫፌ አልተቀየመም። ሌላ እጁን ዘረጋ። እዚያ ላይ የአደጋ ምልክት ነበር፤ ዘብ ይህን ምልክት የሚያወጣው አደጋ ሲያጋጥመው ብቻ ነው። ጉልላት ቁራጯን አየ፣ ምልክቱን አየ፣ ሁለቱን አመሳከረ።

«አሁን አመንኩህ» አለ።

ከዚያ ተባዛ። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እያለ እልፍ ሆነ። ድንቄን ትንሽ አተኮሳት፤ እናቷ ወይዘሮ አትጠገብ መርፌውን ረገመች። ትኩሳቱ ግን ወዲያው በረደ።

ዓመት ሳይሞላ ጉልበተኛው ኩፍኝ መንደሩን ወረረ። በድንቄ አፍንጫ ገብቶ፣ ሰውነቷ ከተሠራባቸው ትናንሽ ቤቶች በአንዱ ተሸሸገ። ማንም አላየኝም ብሎ ተዝናና። እነዚያ ቤቶች ግን በውስጣቸው ካለው ሁሉ ቁራጭ ቁራጭ እያወጡ በመስኮት ያሳያሉ። የጉልላት ልጆች ቁራጩን ሲያዩ፣ ጠላትነቱን ጉልላት አስቀድሞ አረጋግጦ ነበርና፣ ምልክት እስኪመጣ አልጠበቁም። ኩፍኝን ከነተሸሸገበት ቤት አጠፉት።

በዚያ ሰሞን ከጎረቤት ሁለት ያልተከተቡ ሕፃናት ተቀበሩ። ድንቄ ግን ደጅ ስትጫወት ዋለች። ወይዘሮ አትጠገብም በሚቀጥለው ክትባት ከሁሉ ቀድማ ተሰለፈች።

እንግዲህ ልጆቼ፣ መጠርጠር ነውር አይደለም። ነውሩ ማስረጃው ፊት ለፊት ቀርቦም አላምንም ማለት ነው። እኔ የሰማሁት ይህን ነው፤ እናንተም ለሌላ ንገሩ።