የእትዬ በለጥሻቸው ጡረታ

አንድ ቀን፣ ያውም በኅዳር ብርድ፣ የደብረ ብርሃኑ ጎረቤቴ ጋሽ ዘውገ በማለዳ በሬን አንኳኩ። ካፖርታቸው ላይ ጋቢ ደርበው ጥርሳቸው ይንገጫገጫል።

«ምነው ጋሽ ዘውገ፣ በደህና?»

«ምን ደህና አለ! ይቺ ሴትዮ በብርድ ልትገድለኝ ነው። በኅዳር መስኮት ከፍቶ የሚተኛ ሰው አይተህ ታውቃለህ? እኔ ስዘጋ እሷ ትከፍታለች። ‘ነደድኩ፣ ተቃጠልኩ’ ነው ቃሏ። ዛሬ ቁርጡን ነግሬያታለሁ፤ ወይ መድኃኒት ትጠጣለች፣ ወይ አልጋ እንለያለን! ናማ ሽማግሌ ሁነኝ።»

«ይቺ ሴትዮ» ያሏቸው ባለቤታቸውን እትዬ በለጥሻቸውን ነው። ሃምሳ አንድ ዓመታቸው ነው። ጤና ጣቢያ ሄደው ነርሷ በደንብ አስረድታቸዋለች፤ «ማረጥ ነው እንጂ በሽታ አይደለም። የወር አበባ ሲቆም እንዲህ ያለ ሙቀት መጣ ሄድ ይላል። ሳሳ ያለ ልብስ ይልበሱ፣ ከባሰብዎት ተመልሰው ይምጡ፤ መጠኑ ያልታወቀ ሥርና ቅጠል ግን እንዳይጠጡ» ብላቸዋለች።

ጋሽ ዘውገ ግን ማንን ሰምተው! ሰውዬው አምና ከመዝገብ ቤት ሥራቸው ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚያገላብጡት ፋይል አጥተው ቤቱን ነው የያዙት። ድስት ከፍተው ጨው ይቀምሳሉ፣ የሽንኩርት አከታተፍ ያርማሉ። አሁን ደግሞ ተራው የሚስታቸው ማህፀን ላይ ደረሰ።

ስንገባ ጋሽ ዘውገ ያስጠሯቸው ባለመድኃኒት አቶ ልሣነወርቅ ከፍ ብለው ተቀምጠዋል። ቀጥቅጠው የዘፈዘፉት ሥር ያጠቆረው ውኃ በትልቅ ኩባያ ተሞልቷል። ሽታው እኔን በሩ ላይ አስነጠሰኝ።

«ደሙ መውጫ አጥቶ አናቷ ላይ ወጥቷል» አሉ አቶ ልሣነወርቅ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። «ሙቀቱ እሱ ነው። ይህን ሰባት ጠዋት በባዶ ሆዷ ከጠጣች አበባዋ እንደ ልጅነቷ ይመለሳል።»

«ማን ይመለስ አለው?» አሉ እትዬ በለጥሻቸው፣ በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን እያራገቡ።

«ጠጪ ተብለሻል ጠጪ!» አሉ ጋሽ ዘውገ። «አለዚያ እኔ ዛሬውኑ ፍራሼን ይዤ ሳሎን!»

እውነቴን ነው፣ አንጀቴን በሉኝ። ሠላሳ ዓመት አብረው የተኙበት አልጋ በአንድ ኩባያ ጥቁር ውኃ ሊለያይ!

እትዬ በለጥሻቸው ኩባያውን አነሱ። ሁላችንም ሊጠጡ መስሎን ነበር።

«አቶ ልሣነወርቅ፣ ይህ መድኃኒት ሥራውን ጨርሶ የሄደውን ሁሉ ይመልሳል አሉኝ?»

«እንዴታ! በስንቱ አይቼዋለሁ!»

«እንግዲያስ እንካ ዘውገ፣ ጠጣ።»

ጋሽ ዘውገ ወደኋላ አፈገፈጉ። «እኔ? እኔ ደግሞ ምን ሆኜ?»

«እኔማ ሠላሳ ስምንት ዓመት እሑድ፣ በዓል ሳልል በየወሩ ሠርቻለሁ። ፈቃድ የወጣሁት አራት ጊዜ ነው፤ እሱንም አራት ልጅ አስረክቤ ተመልሻለሁ። አንተ ጡረታ ስትወጣ በግ ታረደልህ፣ ጋቢ ተሸለምክ፤ እኔ ስወጣ ይህን መራራ ልጋት? መድኃኒቱ ጡረተኛ የሚመልስ ከሆነማ፣ በል ጠጣና መጀመሪያ አንተን መዝገብ ቤት ይመልስልኝ!»

አቶ ልሣነወርቅ ሥርና ቅጠላቸውን ጠቅልለው ለመውጣት ጊዜ አልፈጀባቸውም። ጋሽ ዘውገ መጀመሪያ ኮስተር ሊሉ ሞክረው ነበር፤ ኋላ ሳቁ አሸንፏቸው ግድግዳ ተደገፉ።

በሳምንቱ በግ ታረደ፣ ጎረቤት ተጠራ፣ እትዬ በለጥሻቸው በወግ በማዕረግ ጡረታ ወጡ። ሽልማታቸው ጋቢ አልነበረም፤ ጋሽ ዘውገ ባለሱቁን «በዚህ ብርድ?» አሰኝተው የገዙት ማራገቢያ ነው። የራሳቸውን የጡረታ ጋቢ ግን እጥፍ አድርገው ይደርባሉ፤ መስኮቱም እንደተከፈተ ነው፣ አልጋውም ያው አንድ ነው።