ሽቅብ እንዲወጣ የታዘዘው ፍሳሽ

ምላሱ ከመፍቻው የሚፈጥን አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ ሳያማትብ ሥራ አይጀምርም። አንድ ቀን ኢንጂነር ይልቃል በኮምፒውተር የነደፉትን ፕላን ሰጡት። ቢያየው የሽንት ቤቱ ፍሳሽ ወደ ዋናው ቱቦ ለመግባት አንድ ክንድ ሽቅብ መውጣት አለበት። «ጌታዬ፣ ይሄ አይሆንም» አላቸው።

ኢንጂነሩ በሕንፃው ባለቤት በወይዘሮ አስካለ ፊት ኮምፒውተራቸውን ከፈቱ። «ፕሮግራሙ ሕግ አለው። የሁለት ቱቦዎች ዓይነትና ስፋት አንድ ከሆነ ያገናኛቸዋል፣ ካልሆነ በቀይ ይከለክላል። ይኸው፣ አረንጓዴ ነው። ለመሆኑ አንተ ስንተኛ ክፍል ደርሰሃል?»

«አራተኛ።»

«እንግዲያው ወይ እንደ ፕላኑ ግጠም፣ ወይ ዕቃህን ይዘህ ውጣ።»

ሰውየው አማተበና መፍቻውን አነሳ። «እሺ ጌታዬ፣ እገጥማለሁ። እኔስ አራተኛ ክፍል ስለደረስኩ ሲቆጡኝ ይገባኛል። ፍሳሹ ግን የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁልቁል መውረድ ብቻ ነው። እርስዎ ከቱቦው አፍ ቁጭ ብለው ሕጉን ያስረዱት። ሲያስረዱት ግን አፍዎን ብዙ አይክፈቱ።»

ወይዘሮ አስካለ ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። «ኢንጂነር፣ ፕላኑን ያስተካክሉት» አሉ። «ሠራተኛው ሥራው ላይ ይቆይ።»