ማማው የወደቀ ዕለት

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ በወጣ ሰሞን፣ የቆላው እንስሳት ኮረብታው ላይ የቆመውን የስልክ ማማ ገፍተው ጣሉት። የገፋው ጅብ ነው፤ ያስገፋችው ቀበሮ ናት፤ እሺ ያለችው ደግሞ አህያ።

አህያ እሺ ያለችው ለውርንጭላዋ ስትል ነው። በዚያ አገር ጅብ ያየ ሁሉ ለሌሎቹ እንዲደውል ስምምነት ነበር። እሷ ሣር ልትግጥ ስትሄድ ጥሪው እንዳያመልጠው ብላ ስልኩን ውርንጭላው ጆሮ ስር አድርጋ ታስተኛዋለች። ውሎ አድሮ ውርንጭላው ጆሮዬን አቃጠለኝ ማለት ጀመረ።

ቀበሮ ይህን ስትሰማ ያዘነች መስላ መጣች። «እመት አህያ፣ ልጅሽን የጎዳው የማማው ጨረር ነው» አለቻት።

ኤሊ አልተስማማችም። «ማማው ሩቅ ነው፤ ጨረር በራቀ ቁጥር ይደክማል። ይልቅ ስልኩን ከልጁ ጆሮ አርቂው።»

«አንቺ ድንጋይ ተሸክመሽ የምትውዪ፣ ደግሞ የጨረር አዋቂ ሆንሽ?» አለቻት ቀበሮ። ሁሉም ሳቁ። አህያም ሳቀች።

ቀበሮ አህያን እሺ አሰኝታ ማማውን እንዲገፋ ጅብን ጠራችው። ጅብም ማማው ሲወድቅ የሚበላ ነገር ይኖረው እንደሆነ ጠየቀ። ቀበሮ ጠጋ ብላ በጆሮው አንድ ነገር ሹክ አለችው። ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም፤ ባለ በሌለ ኃይሉ ገፋው።

ማማው ከወደቀ ወዲህ ስልኩ ከወንዙ ማዶ ያለውን ሌላ ማማ ይፈልግ ጀመር። ኔትወርኩ ብልጭ ድርግም ይላል። የውርንጭላው ጆሮ ከቀድሞው ብሶ ጋለ። አህያ ግን የድሮው ጨረር ገና አልወጣለትም ብላ ስልኩን ከነበረበት አላነሳችውም።

አንድ ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጎረቤቷ በቅሎ፣ ጅብ ወደ አህያ ቤት ቁልቁል ሲወርድ አየች። ደጋግማ ደወለች፤ አልገባላትም። መልእክት ጻፈች፤ እሱም አልሄደም። አህያ ከግጦሽ ስትመለስ ስልኩን ብቻ አገኘች። እንደጋለ ነበር።

አንበሳ አዝዞ ማማው በሳምንቱ ተመልሶ ቆመ። የአህያ ስልክ ያን ዕለት ቀዘቀዘ። ኤሊም ስልኩ ማማው ሲርቅበት ለመድረስ አብልጦ እንደሚደክም፣ የራሱም ጨረር ያኔ እንደሚበረታ ነገረቻት። ነግራት ሳትጨርስ ስልኩ ጮኸ። የበቅሎ መልእክት ገና መግባቱ ነበር፦ «ጅብ እየመጣ ነው፤ ልጅሽን አንሺ።»

ከዚህ የምንማረው በወሬ ተነድተን የሩቁን ማማ ከመጣል ይልቅ ጆሯችን ላይ የለጠፍነውን ስልክ ማራቅ እንደሚበጀን ነው።