ትንፋሽ የማታውቅ ዘማሪ

«እኔ ዘምሩት አልኩህ እንጂ አጫውቱት አልኩህ?»

«አልተቻለማ፣ እህቴ! አንድ ወር ሙሉ ሞከርን። ስልክሽ ከሁላችን በላይ ይዘምራል፤ ምን ላድርግ?»

እንዲህ የሚነታረኩት አንዲት ሴትና አንድ የመዘምራን መሪ ናቸው። ቦታው ዲላ ነው፤ የአንዲት ቤተ ክርስቲያን የጥናት ክፍል፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። ሃያ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ያያቸዋል። ነገሩ እዚህ እንዴት ደረሰ? ልንገራችሁ።

ሴትዮዋ አመለወርቅ ትባላለች፤ በጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ትሠራለች። ግጥም ትጽፋለች፣ ዜማም ታወጣለች። በዚያች ቤተ ክርስቲያን አንድ ደንብ አለ፤ አዲስ መዝሙር ያመጣ ሰው በመዘምራኑ ፊት ይቆምና ያለ ሙዚቃ፣ በገዛ አፉ አዚሞ ያስረክባል። እሷም ለዓመታት እንዲህ ስታስረክብ ኖራለች። ከስድስት ዓመት በፊት ግን የእንቅርት ኦፕሬሽን አደረገች። እንቅርቱ ሲወጣ ድምፅዋም አብሮት ሄደ። የቀራት፣ እንደ ተሰነጠቀ ሸንበቆ የሚሻክር ነገር ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ መዝሙር ጻፈች እንጂ አላስረከበችም። ደብተሩ ሞላ፤ አፏ ግን ዝም አለ።

ዘንድሮ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ስልኳ ላይ አንድ አፕ ጫነችላት፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሙዚቃ የሚሠራ ነው። ግጥሙን ትጽፍለታለች፣ ዜማውን በዚያ በሻካራ ድምፅዋ ታንጎራጉርለታለች፤ እሱ ደግሞ በጠራ የሴት ድምፅ፣ ከነሙዚቃው አቀናብሮ ይመልስላታል። ሙዚቀኞች ዴሞ ይሉታል፤ ዘፈኑ ምን እንደሚመስል ለማሰማት ያህል የሚዘጋጅ ማሳያ ነው። መጀመሪያ ስትሰማው ካርድ ክፍሉ ውስጥ፣ በሁለት መደርደሪያዎች መካከል ቆማ አለቀሰች። የራሷ ቃል፣ የራሷ ዜማ! ስድስት ዓመት የታፈነው መዝሙር ወጣ።

ለአዲሱ አዳራሽ ምረቃ አንድ መዝሙር ሠራችና ለመሪው ለወንድም ሎምበሶ በቴሌግራም ላከችለት። ሰማው። ወደደው። መዘምራኑም ወደዱት። ችግሩ የመጣው ሊዘምሩት ሲነሡ ነው።

«እሑድ በስፒከር እንለቀዋለን» አላት ሎምበሶ ያን ቅዳሜ። «እኛ ዩኒፎርማችንን ለብሰን እንቆማለን፣ እናጨበጭባለን፣ አፋችንን እናንቀሳቅሳለን። ከይርጋ ጨፌና ከወናጎ እንግዶች ይመጣሉ። በእነሱ ፊት ከምንዋረድ ይሻላል። ደግሞስ ማን ያውቃል?»

«እግዚአብሔር ያውቃል» አሉ እማማ ብርቄ ከኋላ። ከመዘምራኑ ሁሉ በዕድሜ ትልቋ እሳቸው ናቸው። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

ሎምበሶን ክፉ ሰው እንዳታደርጉብኝ። ደግ ሰው ነው፤ ውርደት የፈራ ደግ ሰው። ከእኛ ውስጥ ውርደት የማይፈራ ማን አለ?

«አንድ ጊዜ ብቻ ዘምሩልኝ» አለች ሴትዮዋ። «እዚሁ ቆሜ ልስማው።»

ተነሡ። ጀመሩ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርሱ ግማሹ ሰው ወደ ኋላ ቀረ፤ የወንዶቹ የአንገት ሥር ተገታተረ። እማማ ብርቄ መቀመጫቸውን በእጃቸው ፈልገው ቁጭ አሉ።

«ሎምቤ» አሉ እያለከለኩ፣ «ይቺ ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ሳንባዋ ስንት ነው? እኔ ትንፋሽ ልወስድ ስል እሷ ሌላ ስንኝ ትጀምራለች!»

ሁሉም ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። ደብተሯን አውጥታ አየችው።

ለካ ጥፋቱ የመዘምራኑ አልነበረም። ድሮ መዝሙር ስታወጣ፣ በገዛ አፏ ስለምታስረክብ፣ ስንኟ ትንፋሿ ባለቀበት ያልቅ ነበር። አሁን ግን የምትጽፈው ለማይተነፍስ ነገር ነው። ስንኝ ቢረዝምም አይደክመውም፣ ቢንዛዛም አያማርርም። እሷም ሳይታወቃት አስረዘመች፣ አስረዘመች። ሰው ሊዘምረው የማይችል ውብ መዝሙር ሠርታ አረፈችው።

ምን ታድርግ? እሺ ብላ በስፒከር ይለቀቅ? ወይስ ደብተሯን ይዛ ትሂድ?

እስክሪብቶ አወጣች። አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና እያንዳንዱን ስንኝ በሻካራ ድምፅዋ ለራሷ ብቻ አንጎራጎረችው፤ ትንፋሿ ካለቀበት ያለፈውን ሰረዘች። አንዲት ከሁሉ አብልጣ የምትወዳት ስንኝ ነበረች፦ «ዘመን ሲለወጥ ወዳጅ ሲከዳኝ በመንገድ መካከል ጉልበቴ ሲዝል ያየኸኝ አንተ ግን ከቶ አላለፍኸኝም።» በአንድ ትንፋሽ! እጇ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ሰረዘች።

«ኧረ አመለወርቅ፣ ያቺን ስንኝ ተያት!» አለ ሎምበሶ። «እሷ እኮ ናት ውቧ!»

«ውብ ናት» አለች። «ግን አፍ አይችላትም።»

የቀረው ይሄ ነው፦ «ስዝል አየኸኝ፤ አላለፍኸኝም።»

ከዚያ ተነሣችና በደንቡ መሠረት በፊታቸው ቆመች። ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ጉሮሮዋን ጠረገች። በዚያ በተሰነጠቀ ድምፅዋ ስትዘምር ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው አልሰማትም ነበር። ዘመረች። ከፍ ሲል ተሰበረ፣ ዝቅ ሲል ጠፋ። ማንም አልሳቀም። በሁለተኛው ዙር እማማ ብርቄ ከተቀመጡበት ተቀበሏት። በሦስተኛው ሁሉም። እሷ የቻለችው ማንን ያቅተዋል?

ወገኖቼ፣ ማሽኑን ልሰድብ አልመጣሁም። ታፍኖ የኖረውን መዝሙር ያሰማላት እሱ ነው። ግን ማሳያ ማሳያ ነው፤ መዝሙሩ አይደለም። መዝሙሩ መዝሙር የሚሆነው የሚደክም ሰው ሲዘምረው ነው።

እናንተስ? ከወንድምህ ጋር ከተኳረፍክ ሁለት ዓመትህ ነው። የይቅርታውን ንግግር በልብህ አዘጋጅተኸዋል፤ መግቢያ አለው፣ ማስረጃ አለው፣ ሲያምር! ስንት ጊዜ በልብህ አጫወትከው? አንድ ጊዜስ በአፍህ አልከው? እናቴ ሆይ፣ የታመመችውን ጎረቤትሽን «ሰፊ ቀን ሳገኝ እጠይቃታለሁ» ካልሽ ስንት ወር ሆነሽ? ጸሎታችንስ? ሌላ ሰው አሳምሮ ሲጸልይ ሰምተን፣ አፋችንን ብቻ አንቀሳቅሰን አልወጣንም?

አሳጥሩት። ትንፋሻችሁ በሚችለው ልክ አድርጉትና በራሳችሁ አፍ በሉት። «ወንድሜ፣ በድዬሃለሁ» በል፤ ይበቃል። ድምፅህ ይሰበር፣ ግን ያንተ ይሁን። እግዚአብሔር ካንተ የሚጠብቀው የሌለህን ሳንባ ነው እንዴ? ዛሬ፣ ከዚህ ስትወጡ፣ ምሳ ሳትበሉ አድርጉት!

ያን እሑድ አዳራሹ ሞላ። መዘምራኑ ጀመሩት፤ ከይርጋ ጨፌ የመጡትም፣ ከወናጎ የመጡትም፣ አንድ ጊዜ ሰምተው ተቀበሉት። ሽማግሌው ዘመረ፣ ነፍሰ ጡሯ ዘመረች፣ ሎምበሶ እጁን ማወዛወዙን ትቶ ዘመረ። ሴትዮዋ በጎን በር አጠገብ ቆማ ነበር። የእሑድ ተረኛ ናት፤ በስድስት ሰዓት ካርድ ክፍሉ መግባት አለባት። ሕዝቡ «አላለፍኸኝም» ሲል ነጠላዋን አስተካከለች፣ በሩን በቀስታ ገፋ አደረገችና ወጣች።