ያልታጠበ ክንድ

በኮሎምቢያ የፓስፊክ ጠረፍ፣ በአንዲት የወደብ ከተማ ዳርቻ፣ ቤቶቹ በረጃጅም ግንዶች ላይ የቆሙ ፓሎ ሴኮ የሚባል የጥቁሮች ሰፈር አለ። አዲስ ሰው መጥቶ እዚህ ልኑር ሲል አገሩን የሚጠይቀው የለም፤ ቅርጫት ሰጥተው ባሕሩ ዳር፣ ጨው ውሃ ውስጥ ከቆመው የማንግሮቭ ደን የሚበላ ዛጎል ለቅሞ እንዲመጣ ይልኩታል። ሲመለስ ቅርጫቱን ማንም አያይለትም፤ አንዲት ባልቴት ክንዱን ይዛ ትመረምራለች። ከዚያ በፊት መታጠብ ነውር ነው። የከተማው ሰው ይህን እንደ እንግዳ አቀባበል ጨዋታ ይቆጥረዋል። የሰፈሩ ሽማግሌዎች የሚሉት ግን ሌላ ነው።

እንደሚነገረው፣ በባርነቱ ዘመን ከወርቅ ማውጫ ያመለጡ ሃያ ሦስት ሰዎች በዚሁ ደን ተደብቀው ይኖሩ ነበር። መሪያቸው ኒኮላሳ የምትባል ዛጎል ለቃሚ ነበረች፤ ሴት ልጇም የመውለጃ ወሯ ገብቶ ነበር። አንድ ጠዋት ባርቶሎ የሚባል ሰው ብቻውን በታንኳ ደረሰ፤ ከላይኛው ወንዝ ወርቅ ማውጫ አምልጬ መጣሁ ብሎ፣ ሸሚዙን ገልጦ የግርፋት ጠባሳውን አሳየ። ሌሎቹ አለቀሱ፤ ኒኮላሳ ግን አላለቀሰችም ይባላል።

«ሳንጠይቅህ ጀርባህን ለምን አሳየኸን?»

«እንድታምኑኝ ነዋ፣ አክስቴ።»

«እንዲህ ያለ ጀርባማ ሁላችንም አለን። ይልቅ እንካ ቅርጫት።»

ዛጎሉ የሚገኘው ከዛፎቹ ሥር፣ ክንድ በሚውጥ ጥቁር ጭቃ ውስጥ በእጅ እየተዳበሰ ነው። ባርቶሎ ጠዋት የሸሸው ባሕር ተመልሶ ጭቃውን ሳይሸፍነው ቅርጫቱን ሞልቶ መጣ፤ ሰዉም እልል አለ። ኒኮላሳ ክንዱን አገላብጣ አየችው። ንጹሕ ነበር። ዛጎልና ሥር የሚተዉት ጭረት ነበረበት ወይስ አልነበረበትም በሚለው ላይ ተራኪዎቹ አይስማሙም።

«የወንዝ ሰው በአንድ ጠዋት እኛን በለጠን? ማን ሞላልህ?»

«ራሴ ነኝ። ሽማግሌ ፊት በጭቃ ልቅረብ እንዴ? ታጥቤ መጣሁ።»

አላመነችውም። ከግንድ ጋር አሰረችው፤ ሃያ ሦስቱም ታንኳ ላይ ወጥተው ወደ ሌላ ወሽመጥ ቀዘፉ፤ ልጇም በመንገድ ላይ ወለደች ይላሉ። በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ወታደሮች መጡ። ያገኙት ለትንኝ መከላከያ የሚጨስ የኮኮናት ልጣጭና የታሰረውን ሰው ነበር። ባርቶሎን እንደ ባልንጀራ ፈትተው ወሰዱት የሚሉ አሉ፤ እንደ ሌላው ሁሉ በሰንሰለት ወሰዱት የሚሉም አሉ። ወታደሮቹን እሱ ይምራቸው፣ ከደኑ በላይ የወጣው ጭስ ይጥራቸው፣ የሚያረጋግጥ ጽሑፍ የለም። የተረጋገጠው አንድ ነገር ቢኖር ከዓመታት በኋላ የነዚያ ሰዎች ልጆች ተመልሰው ሰፈሩን መቆርቆራቸው ነው፤ እሱም ቢሆን የተሰማው ከራሳቸው አፍ ነው።

በፓሎ ሴኮ ቤተ ክርስቲያን ባርቶሎ ተብሎ የተጠመቀ ልጅ እስከ ዛሬ የለም። አሁን ክንድ የምትመረምረው ኤውላልያ «የሰላይ ስም ለልጁ ማን ይሰጣል!» ብላ ትስቃለች።

«ሰላይ ባይሆንስ?» ሲሏት ሳቋን ታቆማለች።

«ያን ጊዜማ ወንድማችንን አስረን ጥለን ሄደናል፤ ስሙን የበለጠ እንፈራዋለን።»