የደብሪቱ ጉድባ

ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ከአባቶቼ የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ላውጋችሁ። ድሮ፣ የአያቶቻችን አያቶች ገና ሳይወለዱ፣ በዚህ ቁልቁለት ላይ አንድ የደሃ ሰፈር ነበር። በሰፈሩም ደብሪቱ የምትባል ውሃ ቀጂ ትኖር ነበር። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ያላት አንዲት ጎጆና አንድ እንስራ ብቻ። ውሃ ስታመላልስ ግን የማታውቀው በር አልነበረም።

አንድ ክረምት ከላይ የወረደ ጎርፍ ሰባት ቤት ጠራርጎ ወሰደ። ሰው ጓዙን ሸክፎ ሊሰደድ ተነሳ። ደብሪቱ በየቤቱ ዞረች። ውሃው በየት ገባ፣ በየት ወጣ ብላ ጠየቀች። ባለጠጋውን ጠየቀች፤ ለማኙን ጠየቀች፤ ዓይነ ስውሯን አሮጊት እንኳ ጠየቀች። አሮጊቷም ጎርፉ የሄደበትን በጆሮዋ እንደሰማችው ነገረቻት። ሰዉም፣ ስለተጠየቀ፣ ቀረ።

በጋ ሲገባ የከተማው ሹም በበቅሎ መጣ። የተጻፈ ትእዛዝ አውጥቶም፣ ሰፈሩ ጎርፍ ይበላዋልና ይፍረስ፣ ሰዉም ቆላ ይውረድ አለ። ሁሉም አንገቱን ደፋ። ደብሪቱ አመድ በቁና ይዛ ወጣች። ሜዳው ላይ አመዱን እየበተነች ቤቱን ሁሉ፣ መንገዱን፣ ምንጩን፣ ጎርፉን ወደ ወንዝ የሚወስደውንም የጉድባ ቦይ አሰመረች። ጎረቤቶቿን ጠራች፤ እያንዳንዱ በየቤቱ ምልክት ላይ ቆመ። አንዱ ጉድባው በጓሮዬ ይለፍ አለ። ሌላው አጥሬን አስጠጋለሁ አለ። ሹሙ ከበቅሎው ወረደ። ወርዶም የአመዱን መስመር ተከትሎ ሄደ።

«ይህን ማን አስተማረሽ?» አላት።

«ጌታዬ፣ የሚያውቀውማ የሚኖርበት ነው። እኔ ጠየቅሁ እንጂ አላወቅሁም።»

ሹሙ እስከ ክረምት ቀን ሰጣቸው። ጎርፉ ቤት ከገባ ግን ትነሳላችሁ አለ።

ቆፈሩ፣ ቆፈሩ፣ ጉድባው ከደብሪቱ ደጃፍ ደረሰ። ግራው ዐለት ነው፤ ቀኙ የዓይነ ስውሯ ቤት ነው። ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን ጣሉ። የደብሪቱን ጎጆ ከምናፈርስ ጉድባው ይቅር አሉ። ደብሪቱ ጎጆዋን አየች። የተወለደችበት፣ እናቷም የሞተችበት ጎጆ ነው። ከዚያ ዶማ አነሳችና የበሩን መቃን ራሷ መታች። ቆፋሪዎቹም ዶማቸውን መልሰው አነሱ።

ክረምቱ መጣ። ጎርፉ ከተራራው እያገሳ ወረደ። ሰዉ በጉድባው ግራና ቀኝ ቆሞ አየው፤ ሹሙም ቆሞ አየው። ያ ሰባት ቤት የበላ ውሃ በመሃላቸው አለፈ፤ የአንድም ሰው ደጃፍ ሳያረጥብ ወንዝ ገባ። ሽማግሌዎች አለቀሱ። ሹሙ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ትእዛዙንም ቀደደ። ለደብሪቱም ሰፈሩ በሙሉ ድንጋይ ተሸክሞ ከዐለቱ በላይ ቤት ሠራላት።

እስከ ዛሬ በዚያ ሰፈር መንገድ ሊወጣ፣ ግንብ ሊገነባ ሲታሰብ፣ አንዲት ሴት «ደብሪቱ» ተብላ ትመረጥና በየደጁ ዞራ ትጠይቃለች። አንድ ቤት ከዘለለች ዶማ አይነሳም። ትልቅ ሰው ብቻውን ቆርጦ ቢመጣም፣ ሽማግሌዎቹ አይቆጡትም፤ ቀስ ብለው፣ «ደብሪቱ ዞራለች ወይ?» ይሉታል። ካልዞረች ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።