ጭድ የለበሰው ኮንክሪት

«ይሄን ጭድ ማን አዘዘ? ኧረ መልሱት ፋዘር! እኛ የምንሠራው በሲሚንቶ ነው፤ በጭቃ አይደለም!»

«አዎ፣ ለሲሚንቶው ነው ያመጣሁት» አሉ ጋሼ ሸዋንግዛው፤ የሚያውቁትን ነገር ለምን እንደሚነገራቸው ስላልገባቸው ግራ ተጋብተው።

ፎርማን ሳምሶን ይህን ሲሰማ አካፋውን ተደግፎ ሳቀ። ሁለት አህያ ጭድ የጫኑ ሽማግሌ ሲያይ፣ በእሱ ቤት፣ የድሮ ግንበኛ ጭቃ ሊያቦካ መጣ ማለት ነው። ጋሼ ሸዋንግዛው ደግሞ በጓሳ በር ከተማ አርባ ዓመት ድንጋይ ሲጠርቡና ሲገነቡ የኖሩ ሰው ናቸውና ተስቆባቸው መቆም አልለመዱም። አህዮቻቸውን አዙረው ወጡ።

በጓሳ በር የሌላው ችግር አልታይ ያለው ሰው ሲያጋጥም የሚወረወር አንድ አባባል አለ። እንግዳ ሰው ሲሰማው ፈገግ ይልና «ከየት የመጣ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የመጣው ከዚያ ከተመለሰው ጭድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ይርገዱ በከተማው ያለው ብቸኛ ወፍጮ ቤት ባለቤት ናት። ኅዳር መጨረሻ ላይ ሞተሩ የተቀመጠበት የኮንክሪት መሠረት ለሁለት ተሰነጠቀ። ከዚያ ወዲያ ሞተሩ በተነሳ ቁጥር እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገድ ጀመር። እየተንገዳገደም የጓሮውን ግድግዳ ሰነጠቀው። ግድግዳው ሰው ላይ ሳይወድቅ አፈረሱት፤ በላዩ የነበረውን ቆርቆሮም አወረዱት። የሞተሩ ቦታ ጣሪያም ግድግዳም አጥቶ ለሰማይ ተራቆተ።

የታኅሣሥ ገብርኤል ሊደርስ የቀረው አሥራ ሁለት ቀን ነው። ገብርኤል የከተማዋ ንግሥ ነው፤ ከየገጠሩ የሚመጣው እንግዳ ብዛት የለውም፤ ዱቄት የሌለው ቤት ደግሞ እንግዳ አይቀበልም። ሌላው ወፍጮ ያለው ከወንዝ ማዶ፣ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ነው። ይርገዱን እንቅልፍ የነሳት ይሄ ነበር። ደንበኛ እንደ ንብ ነው፤ አንዴ ቀፎ ከቀየረ ተመለስ ቢሉት አይመለስም።

ሳምሶን የመተሐራ ሰው ነው። ወደ ጓሳ በር የመጣው መነኻሪያው አጠገብ የሚሠራውን ባለ ሁለት ፎቅ የገበያ ሕንፃ ሊያሠራ ሲሆን፣ ከመጣ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር፤ ያኔ መሠረት ያስቆፍር ነበር። ይርገዱ ሄዳ ለመነችው። እሱም ሰው ነው፣ እሺ አለ። እውነቱን ለመናገር እጁ ጥሩ ነው፤ ልኩን ይለካል፣ ሞተሩ የሚታሰርበትን ቡሎን በውሃ ልክ ያቆማል፣ አሸዋውን በወንፊት ያስነፋል። ደግሞም የተማረ ነው። ይርገዱ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነውና የተማረችው፣ እሱ ሲናገር አፏን ከፍታ ታዳምጣለች።

«ስምንት ቀን ይጠነክራል፤ ከዚያ ሞተሩን እናስቀምጥበታለን» አላት። «ለገብርኤል ትፈጫለሽ።»

የጭዱ ነገር የሆነው አሥራ ሁለት ቀን በቀረበት በዚያው ሰኞ፣ ኮንክሪቱ ሊሞላ ሲል ነው። ጋሼ ሸዋንግዛው ከሄዱ በኋላ ሞሉት። አመሻሽ ላይ ሳምሶን ሁለት ባልዲ ውሃ አስመጥቶ፣ እንደ አገሩ ደንብ፣ አዲሱን ኮንክሪት እያረሰረሰ አጠጣው። «ኮንክሪት ጥም አይችልም» አለና ወደ ማረፊያው ሄደ።

ማክሰኞ ጠዋት ይርገዱ ቡሎኑን በጣቷ ብትነካው እንደ ሕፃን ጥርስ ተነቃነቀ። ዙሪያውን በጥፍሯ ብትጭረው እንደ ደረቅ በሶ ፈረፈረ።

ሳምሶን መጥቶ ጎንበስ ብሎ አየ። ቆፈረ። አሸተተ። «አሸዋው ነው» አለ በመጨረሻ። «የእናንተ አገር አሸዋ አፈር አለበት። ሌላ አሸዋ አስመጣለሁ፤ ሐሙስ እንደገና እንሞላለን።»

ይርገዱ በጣቷ ቆጠረች። ከሐሙስ እስከ ገብርኤል ዘጠኝ ቀን ነው። ስምንቱን ለመጠንከሪያ፣ አንዱን ሞተሩን ለማሰር። ለሦስተኛ ሙከራ የሚተርፍ ቀን የለም። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ጋሼ ሸዋንግዛው ቤት ሄደች። ሽማግሌው ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ሲሞቁ አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ ያ ጭድ…»

«የቱ? ላሞቹ የበሉት?»

«ሁሉንም በሉት?»

«ምን ያርጉ? እነሱ እንደ ፎርማኑ በጭድ አይስቁማ።»

ይርገዱ ሳቋን ዋጠችና አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ጭዱ ከተመለሰ ጀምሮ ውስጧን ሲበላት የነበረውን ጥያቄም አወጣችው። «ቆይ ግን ጋሼ፣ በገብርኤል ይሁንብዎና እውነቱን ይንገሩኝ፤ ኮንክሪት ይበርደዋል?»

«ኮንክሪቱን ምን ይበርደዋል! በሆዱ ያለው ውሃ ነው የሚበርደው።» አገጫቸውን አከክ አከክ አደረጉ። «በታኅሣሥ ጀሪካን ሙሉ ውሃ ደጅ ረስተሽ አታውቂም?»

«አውቃለሁ። ጠዋት በረዶ ሆኖ፣ ሆዱ ተነፍቶ…»

«ተነፍቶስ?»

«ተቀደደ።»

«ይኸው ነው። የጀሪካኑን ሆድ ታዪዋለሽ፤ የኮንክሪቱን ማን ያይለታል? ውስጥ ውስጡን ተነፍቶ ያድርና ፀሐይ ስትወጣ ፍርፋሪው ይቀራል። ያ ልጅ ደግሞ በምሽት ውሃ አጠጣበት አሉ። በእሱ አገር ደግ ነው፤ ፀሐዩ ውሃውን ስለሚጠጣበት ይተካለታል። እዚህ ግን እርጥብ ኮንክሪት በምሽት ማጠጣት ሕፃን አጥቦ ደጅ እንደማስተኛት ነው።»

ይርገዱ እያሰበች ተመለሰች። አንዱ የተማረ፣ አንዱ የኖረ። አንዱ አሸዋው ነው ይላል፣ ሌላው ውርጩ ነው ይላል። ሁለቱም አፋቸው አያንስም። ይርገዱ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ፣ ነገር ሲነገራት ከማመንም ከመካድም በፊት በእጇ ነክታ ማየት የምትወድ ሴት ናት። ሽሮው ጨው አንሶታል ቢሏት እንኳ ሳትቀምስ አትጨምርም።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ አዲሱ አሸዋ መጥቶ ኮንክሪቱ እንደገና ተሞላ። ይርገዱ ከተረፈው የኮንክሪት ልቁጥ ሁለት የቲማቲም ድልህ ጣሳ ሞላች።

«እትዬ፣ ምንድን ነው እሱ? ችግኝ ሊተክሉ ነው?» አለ ሳምሶን።

«ወፍጮ ቤት ይበቅል እንደሆነ ልሞክር ብዬ ነው።»

«ሲያፈራ ይጥሩኝ» አለና ልብሱን አራገፈ። ገና አሥር ሰዓት ነው፤ እሱ ግን ወገቤን አመመኝ ብሎ ወደ ማረፊያው አዘገመ። ከበሩ ዘወር ብሎም፣ «አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሁለት ባልዲ ውሃ ያጠጡልኝ፤ እንዳይረሱ! እኔ ነገ ጠዋት የገበያውን ሕንፃ የአምድ መሠረት ስለምሞላ ቶሎ አልመጣም» አላት።

«አልረሳም» አለች ይርገዱ። አልረሳችምም፤ ግን አላጠጣችም።

ጋሼ ሸዋንግዛው ይርገዱ ስትልክባቸው ላሞቻቸው ያልደረሱበትን አንድ አህያ ጭድ ይዘው ደረሱ። መጀመሪያ ጆንያ አለበሱት። በላዩ ጭዱን ጉልበት እስኪደርስ ቆለሉ። እንደገና ጆንያ፣ ከዚያ የጭነት መኪና ሸራ ጋርደው ዳር ዳሩን በድንጋይ ተጫኑት። ይርገዱ አንዱን ጣሳ ጭዱ ውስጥ ቀበረችው፤ ሌላውን ራቁቱን አጥሩ ላይ አስቀመጠችው።

ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ቆመው አዩአቸው።

«ይርገዱ፣ ማንን ነው እንዲህ ሸፋፍናችሁ ያስተኛችሁት?»

«አራስ ናት» አሉ ጋሼ ሸዋንግዛው ቀና ሳይሉ። «ድምፃችሁን ቀንሱ።»

ዓርብ ጠዋት መሬቱ ጨው የተነሰነሰበት መስሎ ነጥቷል። ሣሩ ሲረገጥ ይንኮሻኮሻል። ይርገዱ መጀመሪያ የሄደችው ወደ አጥሩ ነበር። ጣሳውን አንስታ ልቁጡን በአውራ ጣቷ ጫን ብትለው ጣቷ ሰመጠ፤ ዘቅዝቃ ብታራግፈው እፍኝ አሸዋ ሆኖ ፈሰሰ። ከዚያ ወደ መሠረቱ ሄደች። ሸራውን ገለጥ አድርጋ እጇን ከጭዱ ሥር ሰደደች።

ደነገጠች። ኮንክሪቱ ለብ ብሏል። እንደ በግ ሆድ ሙቀት አለው።

«ጋሼ! ጋሼ፣ ይምጡ! ይሞቃልኮ!»

«ዝም በይ፤ ሰው እንዳይሰማሽ» አሉ ሽማግሌው ደርሰው እጃቸውን እየሰደዱ፤ ግን እሳቸውም እጃቸውን ቶሎ አላወጡትም። «ሲሚንቶ ሲጠነክር የራሱ ሙቀት አለው። ጭዱ ያን ብርዱ እንዳይወስድበት ነው የጠበቀለት እንጂ ሌላ ምንም አላደረገም።»

ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ነካኳቸው። ንቅንቅ የለም። ከጭዱ የወጣው ጣሳም ጥፍር አይበላውም። ያ መሠረት ከዚያ በኋላ በየምሽቱ ጭዱን እየለበሰ ሰነበተና ለገብርኤል ዋዜማ ሞተሩ ተነሳ፤ የከተማው ገብስና ስንዴም ወንዝ ሳይሻገር ተፈጨ። አባባሉ ግን እስከዚያ አልቆየም። የተወለደው በዚያው ዓርብ ጠዋት ነው።

ይርገዱ ድንገት ትዝ አላትና፣ «ጋሼ፣ ዛሬ የገበያውን ሕንፃ አምድ መሠረት ሊሞላ ነውኮ!» አለች። «ያ ሁሉ ሱቅ፣ ያ ሁሉ ሰው የሚቆምበት! ሳይነገረው ከሞላና ማታ ካጠጣው…»

ሁለቱን ጣሳዎች ይዘው ገሰገሱ። ሳምሶን ያረፈው በወይዘሮ ጥሩነሽ አልጋ ቤት ነው። ሁለት ሰዓት አልፏል፤ ወይዘሮ ጥሩነሽ ደጃፉን እየጠረጉ ነበር።

«ተነስቷል?» አለች ይርገዱ።

«ኧረ የት! እስቲ አንኳኩለት።»

የበሩ ሥር በጨርቅ ተጠቅጥቋል፤ የመስኮቱ ክፍተት በጋዜጣ ተለጥፏል። ሲያንኳኩ ሳምሶን በካናቴራ ብቻ ሆኖ ከፈተ። ከበስተኋላው ወበቅ ተከትሎት ወጣ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

ይርገዱ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ ጣሳዎቹን አቀበለችው። አንዱን ዘቀዘቀው፤ የቀረው ፍርፋሪ ፈሰሰ። ሌላውን በቁልፉ ቆረቆረው፤ እንደ ድንጋይ ጮኸ። ፊቱ ከበድ አለ።

«አሸዋው አንድ ነው?»

«አንተው ያመጣኸው ነው። አሸዋው አንድ፣ ውሃው አንድ፣ ሲሚንቶው አንድ፣ ያቦካውም ያንተው እጅ ነው።»

«ታዲያ ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

«ያ ጭድ ውስጥ አደረ። ይሄ አጥር ላይ አድሮ ብርድ መታው።»

ሳምሶን አንዴ ይርገዱን፣ አንዴ ሽማግሌውን አየ። ሊያምን ትንሽ ቀርቶት ነበር፤ ግን የጭዱ ሳቅ ትዝ አለው መሰለኝ፣ አገጩን ቀና አደረገ።

«የምን ብርድ እትዬ? ሌላ ምክንያት ይፈልጉለት። እኔምኮ እዚሁ ከተማ ነው ያደርኩት! ሌሊቱን ሙሉ ላብ ሲያጠምቀኝ ነው የነጋው። ትናንት በዚህ አገር ብርድ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ምስክሩ እኔ ነኝ!»

ይሄኔ ወይዘሮ ጥሩነሽ መጥረጊያቸውን አስቀምጠው ከጎኑ ሾልከው ገቡና ከአልጋው ላይ ከበግ ፀጉር የተሠራ ወፍራም ባና ጎትተው ትከሻቸው ላይ ጣሉ፤ ባናው ከብዷቸው አጎነበሱ። እንደገና ገብተው ሌላ ባና ጎተቱ።

«ፎርማን፣ ሁለቱንም ፀሐይ ላይ ላስጣቸው ወይስ አንዱ ይበቃሃል ለዛሬ?»

ጋሼ ሸዋንግዛው ባናዎቹን አዩ፣ ላቡን አዩ፣ ከደጅ ያለውን ነጭ ሣር አዩ፤ ከዚያ ለማንም የተናገሩ ሳይመስሉ፣ በቀስታ፦

«ሁለት ባና ደርቦ ያደረ፣ ብርድ የለም አለ።»